ትራይፓን ብሉ 0.06%፦ ጠርዙን ያሳያል፣ ግፊቱን ግን አያስተነፍስም

የዓይን ሞራ በስሎ ነጭ ሲሆን ከዓይን ጀርባ ተመልሶ የሚመጣው ቀይ ብርሃን ይጠፋል። ሞራውን የሸፈነው ስስ ከረጢት፣ ካፕሱሉ፣ ግልጽ ስለሆነ ከነጩ ሞራ አይለይም፤ ሞራውን ለማውጣት በፊቱ ላይ የሚቀደደው ክብ ቅድ (ሬክሲስ) ጠርዙ የት እንደደረሰ በማይክሮስኮፕ እንኳ አይለይም። የኔዘርላንድ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1999 ያስተዋወቁት ይህ ሰማያዊ ማቅለሚያ ችግሩን በሰከንዶች ይፈታል። ታካሚ ዘግይቶ፣ ሞራው ከበሰለ በኋላ በሚመጣበት እንደ እኛ ባለ አገር ከቀዶ ሕክምና ጠረጴዛ ሊጠፋ የማይገባ ዕቃ ነው።

አጠቃቀሙ ቀላል ቢመስልም ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። በትንሿ የጎን ቀዳዳ አየር ይገባል፤ ከዚያ 0.1 ሚሊ ሊትር ያህል ቀለም ከአየሩ ሥር ካፕሱሉ ላይ ይፈስሳል። ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ይበቃል። በደንብ ታጥቦ ቪስኮ (የዓይኑን የፊት ክፍተት የሚይዝ ዝልግልግ ፈሳሽ) የሚሞላው ከዚያ በኋላ ነው። ቪስኮው ከቀደመ ካፕሱሉን ይሸፍነዋል፤ ቀለሙ አይደርስበትም፣ ወይም ዥጉርጉር ሆኖ ይቀራል።

ቅዱ ወደ ዳር ሮጠ ተብሎ ቀለሙ ላይ የሚነሳው አብዛኛው ወቀሳ ግን የእጅ ጥፋት ነው። ባበጠ ሞራ ውስጥ የቀለጠው ፈሳሽ ካፕሱሉን ከውስጥ ይገፋል። መርፌ በነካው ቅጽበት ቅዱ በሁለቱም በኩል ወደ ዳር ይሮጣል፤ ሰማያዊ፣ መሐሉ ነጭ፣ እንደገና ሰማያዊ፤ ቁርጥ የአርጀንቲና ባንዲራ። ቅዱ ዞሮ የኋላውን ካፕሱል ካገኘ ቪትረስ (ከሌንሱ ጀርባ ዓይንን የሞላው ዝልግልግ ነገር) ይወጣል፣ የሞራው አስኳልም ወደ ኋላ ሊሰምጥ ይችላል። መከላከያው ወፍራም ቪስኮ እስኪጠግብ ሞልቶ የካፕሱሉን ጉብታ ማስተኛት፣ መሐሉን በ27 ወይም በ30 ቁጥር መርፌ ወግቶ ወተት መሳዩን ፈሳሽ መምጠጥ፣ ከዚያ ሬክሲሱን አጥብቦ ጀምሮ ማስፋት ነው። ከአስኳሉ ጀርባ የታመቀ ፈሳሽ ሊኖር ስለሚችል አስኳሉን በቀስታ ነካ ነካ አድርጎ ማስለቀቅም ያስፈልጋል። ሁለት በመቶ ኤችፒኤምሲ (ቀጠን ያለ የቪስኮ ዓይነት) ብቻ ከተገኘ ቶሎ ስለሚያመልጥ በየመሐሉ መሙላት ነው።

ያለ ፋኮ (ሞራውን በአልትራሳውንድ የሚሰባብር መሣሪያ)፣ በእጅ በሚሠራው የትንሽ ቅድ ዘዴ ደግሞ የሬክሲሱ ጥበት ራሱ አደጋ ነው። ትልቅ አስኳል በጠባብ ሬክሲስ ሲጎተት ሌንሱን የያዙት ክሮች ይበጠሳሉ፤ ከረጢቱ አብሮ ሊወጣ ይችላል። ሰማያዊው ጠርዝ እዚህ ጥቅሙ ይታያል፦ መጥበቡ ከታወቀ ጠርዙን የሚያላሉ ሁለት ሦስት ትንንሽ ቅዶች መጨመር ይቻላል።

ሲገዛ መለያውን ማንበብ ነው። ለላብራቶሪ የሴል ቆጠራ የሚሸጠው 0.4% ትራይፓን ብሉ ለዓይን የተዘጋጀ አይደለም። ሜቲሊን ብሉም ምትክ አይሆንም፤ የኮርኒያን (የዓይን የፊት ግልጽ ሽፋን) የውስጥ ሴሎች ይጎዳል። ውሃ ያልጠጣ ሃይድሮፊሊክ (ውሃ መጣጭ) አክሪሊክ ሌንስ የሚተከል ከሆነ ሌንሱ ቀለሙን መጥጦ ስለሚይዝ ይህን ማቅለሚያ መተው ይሻላል። ክሮቹ አስቀድመው የተበጠሱ ዓይን ላይም ቀለሙ ወደ ኋላ ሾልኮ ቪትረሱን ሰማያዊ ያደርገዋል።

ከአምስት አራት ኮከብ። አንዱን የቀነስነው በብልቃጡ ምክንያት ነው፦ ለአንድ ዓይን ከሚበቃው በላይ ስለሚይዝ በዘመቻ ቀን ለቀጣዩ ታካሚ ማስተረፍ ያጓጓል፤ የተበከለ አንድ ብልቃጥ ደግሞ የዕለቱን ታካሚዎች በሙሉ ለዓይን ውስጥ ኢንፌክሽን ሊዳርግ ይችላል።