ማስወጣት ወይስ ማስጠበቅ?

ጎንደር ላይ ስለ ዋሊያ ሲወራ ሁሉም ይኮራል። በስሜን ተራሮች ጥግ ገብሱን ጭላዳ ዝንጀሮ ለሚበላበት ገበሬ ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። እሱን ከጥበቃው ጋር ለማስታረቅ በአገራችን የተሞከሩ ሁለት መንገዶች አሉ።

አንደኛው ሰውን ከስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ማስወጣት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የግጭ መንደር ነዋሪዎች ወደ ደባርቅ ተዛወሩ። የከብት ግጦሽ ቀነሰ፤ በ2017 ፓርኩ ከ1996 ጀምሮ ሰፍሮበት ከነበረው በአደጋ ላይ ያሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ወጣ። ውጤቱ የሚካድ አይደለም። ነገር ግን ዕድሜ ልኩን ገብስ ሲዘራና በግ ሲያረባ የኖረ ሰው ከተማ ገብቶ በምን ይተዳደር? ካሳ ያልቃል፤ መሬት ግን በየዓመቱ ያበቅላል።

ሁለተኛው በሰሜን ሸዋ የሚገኘው የመንዝ ጓሳ መንገድ ነው። በዚያ ሕዝቡ ቄሮ በሚባለው ነባር የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ሣሩን ለዓመታት ከልሎ ያቆየዋል፤ ቀኑ ሲደርስ ለቤት ክዳንና ለገመድ አብሮ ያጭዳል። እ.ኤ.አ. በ1975 የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ ቢፈርስም ሕዝቡ በኋላ በሌላ መልክ መልሶ አቋቁሞታል። ቀይ ቀበሮውም ጭላዳውም እዚያው ይኖራሉ።

የስሜን ገደል እንደ ጓሳ ሜዳ አይደለም፤ ዋሊያ ከብት የማይደርስበት ቦታ ያስፈልገዋል። ስለዚህ የተከለለው እምብርት እንደተከለለ ይቆይ። በዙሪያው ባሉት ቀበሌዎች ግን የመንዙን እመርጣለሁ፦ የግጦሹን ወቅት ገበሬው ራሱ ይወስን፤ ከጎብኚ የሚገኘው ገቢም ጭላዳ ማሳውን ለሚያጠፋበት ሰው በቅድሚያ ይድረስ።