ሲስተሙ ፎቶ ሲያስገባ ሳይሆን ሲያወጣ አሳዩኝ በሉ

ከአያት እስከ ለገጣፎ፣ አልፎም በሰንዳፋ መስመር የፎቶና ቪዲዮ ስቱዲዮ ያላችሁ ሰዎች፣ ይህችን ሳታነቡ ውል አትፈርሙ። ላፕቶፕ ይዘው ስቱዲዮ ለስቱዲዮ እየዞሩ “የፎቶ ማከማቻና ማስተዳደሪያ ሲስተም እንሰራላችኋለን” የሚሉ ልጆች አሉ። የድርጅታቸውን ስም አልጽፍም። የሚሸጡትን ካወቃችሁት ስም ቀይረው ቢመጡም ትለዩታላችሁ።

ነገሩ በራሱ ክፉ አይደለም። የጥር ሰርግ ሲያልፍ ጠረጴዛችን ላይ ሃርድ ዲስክ ይከመራል። ደንበኛዋ ከሁለት ዓመት በኋላ መጥታ የመልሷን ፎቶ ስትጠይቅ ዲስክ ስንቀያይር እንውላለን። ስም ጽፈን ወዲያው የምናገኝበት ሲስተም ያስፈልገናል። ልጆቹም ይህን ያውቃሉ።

ማሳያቸው ያምራል። ጥቂት መቶ ፎቶ ጭነው በእንግሊዝኛ ፊደል ስም ይፈልጋሉ፣ ውጤቱ ወዲያው ይመጣል። እኔ ዘንድ ሲተከል ግን ሌላ ሆነ። “ሰርቨር” ብለው ያመጡት ተራ ዴስክቶፕ ነው፤ ውስጡ አንድ ሃርድ ዲስክ። ባካፑስ፣ መጠባበቂያ ቅጂውስ፣ ስላቸው እዚያው ዲስክ ላይ ሌላ ፎልደር ከፍተው አሳዩኝ። መብራት በዚህ ሰፈር እንዴት እንደሚመላለስ ለእናንተ አልነግራችሁም።

ዋናው ጣጣ ግን ፋይሎቹ ላይ ነው። ሲስተሙ ፎቶ ሲገባለት ስሙን ወደ ረጅም የፊደልና የቁጥር ቅልቅል ይቀይራል። ይህ ብቻውን ጥፋት አይባልም፤ ጥሩ ሲስተሞችም ያደርጉታል። ጥሩዎቹ ግን ስታወጡት የቀድሞ ስሙን ይመልሱላችኋል፣ የጻፋችሁበትንም መረጃ እዚያው ፎቶው ውስጥ ማስፈር ይችላሉ። ለዚሁ፣ መረጃን ከፎቶው ጋር ለማስቀመጥ፣ የተሰሩ አይፒቲሲ እና ኤክስኤምፒ የሚባሉ የታወቁ ደረጃዎች አሉ፤ ኤክስኤምፒን አዶቢ ያወጣው በ2001 እ.ኤ.አ. ነው፣ ላይትሩም የሚባለውን የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም የምትጠቀሙ ሁሉ ታውቁታላችሁ። የእነዚህ ልጆች ሲስተም አንዱንም አያደርግም። የሙሽሮቹ ስምና ቀኑ ያለው ዳታቤዙ፣ ማለትም የሲስተሙ የመረጃ መዝገብ፣ ውስጥ ብቻ ነው። የዳታቤዙ የይለፍ ቃል ደግሞ እነሱ እጅ። ዓመታዊ የጥገና ክፍያ ብለው ውሉ ላይ ከሰፈረው በላይ ሲጠይቁኝ እምቢ አልኩ፤ በማግስቱ ሲስተሙ አልከፍት አለ። ዲስኩን ነቅዬ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰካሁት። ፎቶው ሁሉ አለ። የማን ሰርግ እንደሆነ ግን አንዱን ከአንዱ በመልክ ካልሆነ መለየት አይቻልም።

የጎረቤቴ ስቱዲዮ የገጠመው ከዚህም ይብሳል። እዚያ “ቦታ ይቆጥባል” ብለው ዋናውን ፋይል አስቀርተው የተቀነሰውን ብቻ አስቀመጡ፤ ረጅሙ ጎን 1200 ፒክስል። በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ስታትሙት 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። 30 በ40 ሴንቲ ሜትር አልበም ለመስራት ወደ 3500 በ4700 ፒክስል ያስፈልጋል። ለስልክ ስክሪን ይበቃል፣ ለግድግዳ አይሆንም። ዋናው ከጠፋ ደግሞ ከተቀነሰው ላይ ማንም ባለሙያ አይመልሰውም።

አማርኛውንም ፈትሹት። “ፀሐይ” ብላችሁ መዝግቡ፣ “ጸሀይ” ብላችሁ ፈልጉ። የእነሱ ምንም አላገኘም። ሀን ከሐ እና ከኀ፣ ሰን ከሠ፣ ጸን ከፀ፣ አን ከዐ አንድ አድርጎ የማይፈልግ ሲስተም ለእኛ አገር ስም አይሰራም፤ ማስተካከያው ደግሞ ለፕሮግራመር ከባድ ስራ አይደለም። ቀኑም እንደዚያው። ጥር 11 ብዬ የመዘገብኩትን የጥምቀት ፎቶ ጃንዋሪ 11 ላይ አስቀመጠው። ጥምቀት በፈረንጅ አብዛኛውን ጊዜ ጃንዋሪ 19 ነው።

በጣም ያናደደኝ ሌላ ነገር ነው። አንድ ባልደረባዬ ጋ ሄደው ማሳያ ሲያሳዩ የእኔ ደንበኛ የቅልቅል ፎቶ ስክሪኑ ላይ ወጣ። የሰው ልጅ ፎቶ ከእኔ ዲስክ ገልብጠው ለገበያ ይዘውት ይዞራሉ ማለት ነው! የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ የስነ ምግባር ጉዳይ ብቻ አይደለም። ደንበኛዋ ብትከስ መጀመሪያ የምትይዘው እኔን ነው።

እና ምን ታደርጋላችሁ? ቅድመ ክፍያ ከመስጠታችሁ በፊት አንድ ሙሉ ሰርግ ከራሳችሁ ዲስክ ስጧቸው፤ ጥሬውን፣ የኒኮን ኤንኢኤፍም ሆነ የካኖን ሲአር3፣ ቪዲዮውንም ጨምራችሁ። ያስገቡት። ከዚያ ሁሉንም መልሳችሁ አውጡልኝ በሏቸው። የፋይሉ ስም፣ መጠኑ፣ የጻፋችሁበት መረጃ እንደነበረ ከተመለሰ ወደ ዋጋ ግቡ። “ያ ክፍል ገና አላለቀም” ካሉ ሻይ ጋብዛችሁ ሸኟቸው። የይለፍ ቃሉና ዳታቤዙ የእናንተ መሆኑም ውሉ ላይ ይጻፍ፤ በአፍ አይበቃም።

“ከዜሮ እንሰራላችኋለን” ለሚለው ትልቅ ሒሳብም አትቸኩሉ። ሪሶርስስፔስ የሚባል ኮዱ ክፍት የሆነ፣ ማንም በነጻ ሊጠቀምበት የሚችል የፎቶ ማስተዳደሪያ ሲስተም አለ፤ በ2006 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የተሰራው ለእርዳታ ድርጅቱ ለኦክስፋም ነው። ለአንድ ሰው ኮምፒውተር ደግሞ ዲጂካም የሚባል የፎቶ ማደራጃ ፕሮግራም በነጻ ይወርዳል። የሚተክልላችሁን ልጅ የድካሙን ክፈሉት፣ ይገባዋል። ነጻውን አምጥቶ እኔ ነኝ የሰራሁት ካለ ግን ሌላ ነገር ነው።

ቀድማችሁ የፈረማችሁ ደግሞ አሁን፣ ገና ሳትጣሉ፣ የዳታቤዙን ቅጂ ጠይቁ። “ለኦዲት ነው” በሉ፣ ምንም አይደል። ዋናዎቹን ፋይሎች ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጡና ዲስኩን ከስቱዲዮ አውጥታችሁ ቤት አስቀምጡት። የዓመቱ ክፍያ ቀን የሚመጣው ከዚያ በኋላ ይሁን።