የዘንዶ ቋንቋ ለሠራችልኝ የቱሉ ዲምቷ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ፣ በተለይ ለኛ ሰፈር ሰዎች። ይሄ ምስጋናም ጥቆማም ነው። ልብ ወለድ፣ የልጆች ተረት፣ ድራማ ወይም ጌም የምትሠሩ ካላችሁ ይጠቅማችኋል።

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ግራውንድ ላይ አንዲት ጠባብ የፎቶ ኮፒና የኮምፒውተር ጽሑፍ ቤት አለች። ለሚያልፍ ሰው እንደ ሌሎቹ ናት። ላሚኔሽን፣ ጉርድ ፎቶ፣ ሲቪ፣ የፓስፖርት ፎርም መሙላት፣ ይሄው ነው። ባለቤቷ ግን ዩኒቨርሲቲ ሊንጉስቲክስ (የቋንቋ ሳይንስ) ያጠናች ልጅ ናት። በተማረችው ሥራ ስታጣ ፕሪንተር ገዝታ ቁጭ አለች። ሳላስፈቅዳት ስሟን እዚህ አላወጣም። የፈለገ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ አገናኘዋለሁ።

እኔ ዘንዶዎች ያሉበት ረጅም ልብ ወለድ እየጻፍኩ ነው። ዘንዶ እንኳን ለኛ ብርቅ አይደለም። የታክሲው መስታወት ላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ በጦር የሚወጋው አለ። አቡነ አረጋዊን ደብረ ዳሞ አናት ላይ ያወጣቸው አለ። ከነገሥታቱ በፊት አክሱምን ገዝቷል የሚባለው አርዌም አለ። ችግሩ እነዚህ ብዙም አያወሩም። የኔዎቹ ደግሞ ወሬኞች ናቸው። አማርኛ እንዲያወሩም አልፈለግኩም። "እንደምን አደርክ" ያለኝን ዘንዶ ከዚያ በኋላ እንዴት ብዬ ልፍራው?

መጀመሪያ ኢንተርኔት ላይ "ቋንቋ እፈጥራለሁ" ለሚል ሰው በዶላር ከፍዬ ነበር። ዶላሩን ለማግኘት ያየሁትን አበሳ ተዉት። የላከልኝ በላቲን ፊደል የተጻፈ የቃላት ዝርዝር ነው። በየቃሉ መሀል ጭረት ሰክቶበታል፣ ለማስፈራራት መሰለኝ። ሰዋስው የለው፣ አነባበብ የለው። ብጽፍለት መልስ የለም። ገንዘቤን ውሃ በላው።

ልጅቷ ጋ የገባሁት ያንኑ ዝርዝር ፕሪንት ላስደርግ ነው። ወረቀቱ ከማሽኑ ሲወጣ ቆም ብላ አነበበችው። ከዚያ ቀና ብላ፣ "ጋሼ፣ ይሄ ዘንዶዎ ከንፈር አለው?" አለችኝ።

"ኧረ እንጃ፣ አፉ እንደ አዞ ነው" አልኳት።

"ታዲያ የንጉሡ ስም በብ ጀምሮ በም ያልቃል እኮ። ከንፈር ካልገጠመ ብም ምም የለም። ፍም፣ ፕም፣ ጵም አብረው ይወድቃሉ። ራሱን ምን ብሎ ነው የሚጠራው?"

በቀቀንስ ብዬ ተሟገትኩ። ከንፈር ሳይኖረው ያወራ የለ? እሷ መልሱን ይዛለች። ወፍ ድምፅ የሚያወጣው እንደኛ ማንቁርቱ ላይ ሳይሆን የአየር ቧንቧው ወደ ሁለቱ ሳንባዎች ከሚከፈልበት ቦታ ነው። በቀቀን ብ ያለ ይመስለናል እንጂ ከንፈር ገጥሞ አይደለም። "የእርስዎ ዘንዶ ወፍ ነው ወይስ እንሽላሊት? እሱን ወስነው ይምጡ" ብላ ሸኘችኝ። የፕሪንቱን ግን አልማረችኝም፣ አስከፍላኛለች።

ተመልሼ ስሄድ (እንሽላሊት ብዬ ወሰንኩ) ወሬው ዘንዶዬ ወደሚተፋው እሳት ዞረ። እሳቱን ሳንባው ውስጥ ይዞ ሳለ እንዴት ነው የሚናገረው?

"ትንፋሽዎን ይያዙና ስ ይበሉ" አለችኝ። አልወጣም። "ሽ ይበሉ።" እሱም እምቢ አለ። "አሁን ጥ፣ ቅ፣ ጭ ይበሉ።" ጥርት ብለው ወጡ። መታወቂያ ኮፒ ሊያስደርጉ የቆሙ አንዲት እናት "ምን ነካው ይሄ ሰውዬ" በሚል ዓይን እያዩኝ ነበር። እናንተም ሞክሩት፣ የታክሲ ሰልፍ ላይ ባይሆን ይሻላል። እነዚህ ድምፆች የሳንባ አየር አይፈልጉም። ጉሮሮ ግጥም ይላል። ከላይ የቀረችው ትንሽ አየር ትታመቅና ትፈነዳለች። ለኛ ከአፋችን የማይጠፉ ድምፆች ናቸው፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሲማራቸው ግን ፍዳውን ያያል።

ከዚህች አንዲት ነገር ተነስታ ሁለት ዓይነት አነጋገር ሠራችልኝ። እሳቱን አምቆ የያዘ ዘንዶ በጥ፣ በቅ፣ በጭና በጽ ብቻ ያወራል። ቁርጥ ቁርጥ ያለ፣ አናባቢ የሌለው ንግግር ነው። አናባቢ ካለ ጉሮሮው ይከፈታል፤ ጉሮሮው ከተከፈተ እሳቱ ይወጣል። ስለዚህ ቁርጥ ቁርጡ አነጋገር እነሱ ዘንድ አክብሮት ነው፣ የኛ "እርስዎ" በሉት። ፊቱ ለቆመው ሰው "አላቃጥልህም" ማለቱ ነው። ሁለተኛው አነጋገር አናባቢ ያለው ነው፤ ረዥም "ኣ" የሰማ ይሩጥ። አናባቢ የሌለው ቃል እንዴት ይኖራል እንዳትሉ። ሞሮኮ ውስጥ የሚነገረው ታሽልሂት የሚባል የበርበር ቋንቋ እንዲህ ያሉ ቃላት አሉት። ያውም የአማርኛ የሩቅ ዘመድ ነው፣ ሁለቱም ከአፍሮ እስያ ቤተሰብ ናቸው።

ሰዋስዉን በግእዝ መንገድ ነው ያስኬደችው። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ያመጣል፣ ግእዝ አብዛኛውን ጊዜ ያስቀድመዋል። ብዙ መቶ ዓመት የሚኖር ፍጡር ቋንቋው ቶሎ አይለወጥም፣ ስለዚህ ንግግሩ ለሰዎቹ ጆሮ የድሮ መሆን አለበት አለች። ለአማርኛ አንባቢ ደግሞ ከግእዝ በላይ የድሮ ሆኖ የሚሰማው ምን አለ? ቁጥሩ ሌላ ጉድ ነው። ዘንዶዎቼ የፊት እግራቸው ላይ አራት አራት ጥፍር ስላላቸው በስምንት ይቆጥራሉ። መቶ ሲሉ 64 ነው፣ ሺህ ሲሉ 512። ንጉሡ "ሺህ ዓመቴ ነው" እያለ ሰዉን ሲያንቀጠቅጥ የኖረው በ512 ዓመቱ ነው ማለት ነው። ይሄን ስትነግረኝ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ፣ አንድ ምዕራፍም ወጣልኝ።

ፊደሉ በጥፍር ድንጋይ ላይ የሚጫር ስለሆነ ክብ ነገር የለውም፣ ሁሉም ቀጥ ያለ መስመር ነው። የአናባቢ ምልክትም የለውም። የግእዝ ጽሕፈትም እኮ በ4ኛው ክፍለ ዘመን፣ በኢዛና ጊዜ፣ የአናባቢ ምልክት እስኪወጣለት ድረስ እንዲያ ነበር። ከዚያ ፎንት አድርጋ ላፕቶፔ ላይ ጫነችልኝ። ዩኒኮድ (ለየቋንቋው ፊደል ቁጥር የሚሰጠው የኮምፒውተር ሥርዓት) ዋናው ሰሌዳው ላይ 6400 ቦታዎችን ማንም ለራሱ እንዲጠቀምባቸው ትቷል። የኔ ፊደሎች እዚያ ገቡ። አሁን አማርኛውንም ዘንዶኛውንም አንድ ገጽ ላይ እጽፋለሁ፣ አንዱ በሌላው ላይ አይዘባረቅም።

እንግዲህ ጉድለቷንም ልንገራችሁ። ስልክ አታነሳም። ቀጠሮ ትገፋለች፣ መብራት ከሄደ ደግሞ ጭራሽ ነው። ትከራከራለች፤ "እንዲሁ ደስ ስላለኝ ነው" የሚል ምክንያት አትቀበልም። "ዘንዶ ነው፣ ማን ያየዋል" ብትሏት ትቆጣለች። ምዝገባና የሥራ ማስታወቂያ በሚወጣበት ሰሞን ደግሞ ቤቷ በወጣት ይሞላል፣ ያኔ የዘንዶ ጨዋታ አይታሰብም።

ዋጋዋን እሷው ጋ ተነጋገሩ። በቃል ብዛት አይደለም የምታስከፍለው፣ ሥራውን አይታ ነው። ግማሹን በቅድሚያ ትቀበላለች። እኔ የከፈልኳት ለዚያ ለኢንተርኔቱ ሰውዬ ከከፈልኩት በብዙ ያንሳል። ሥራው ካለቀ በኋላ እንኳ አንድ ቃል ሲጠፋኝ ብቅ ብዬ ስጠይቃት ሳንቲም አልጠየቀችኝም። እህቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ።

የምትሄዱ ሰዎች የፍጡራችሁን ሥዕል ይዛችሁ ሂዱ። አፉ በጎን በኩል የሚታይ ይሁን። ካልያዛችሁ መልሳ ነው የምትልካችሁ።