የጂ-4 እና የጂ-5 ጉዳይ ይዤ አዲስ አበባ ስመጣ

የምሠራው ዋሽንግተን፣ ዓለም ባንክ ነው። ዘንድሮ ለእረፍት ስመጣ ሁለት የቪዛ ጉዳይ ነበረብኝ፤ የራሴን ጂ-4 (ለዓለም አቀፍ ድርጅት ሠራተኞች የሚሰጠው የአሜሪካ ቪዛ) ማሳደስ፣ ልጆቼን እንድትይዝልኝ ለቀጠርኳት ልጅ ደግሞ ጂ-5 (የእነዚህ ሠራተኞች የቤት ሠራተኛ ቪዛ) ማስወጣት።

ከቅሬታዬ ልጀምር። ጊዜ ለመቆጠብ ብዬ ፎርም የሚሞላ አንድ ቢሮ ገባሁ። ሠራተኛው የቪዛ ማመልከቻ ፎርሙን፣ ዲኤስ-160ን፣ ከፈተና የጎብኚ ቪዛ መረጠልኝ፤ ቀጥሎም የኤምባሲ 185 ዶላር ክፈይ አለኝ። ጂ-4 እኮ የማመልከቻ ክፍያ የለውም! የዲፕሎማቶቹ ኤ-1 እና ኤ-2ም የላቸውም። ባላውቅ ኖሮ ገንዘቤም ይሄዳል፣ ማመልከቻዬም በማይመለከተኝ ቪዛ ይገባል። በጣም ነው ያናደደኝ፣ ምክንያቱም አምኖ የሚከፍል ሰው ይኖራል። ማታ እህቴ ቤት ቁጭ ብዬ ራሴ ሞላሁት፣ አለቀ።

ፒያሳ ያገኘኋት ትንሽ ፎቶ ቤት ግን ምስጋና ይገባታል። ሽማግሌው ገና ሳልቀመጥ «ልጄ፣ መነጽርሽን አውልቂ» አሉኝ። 5 በ5 ሴንቲ ሜትር፣ ጀርባው ነጭ፤ ሁሉንም ያውቁታል።

ለጂ-4 ዋናው ወረቀት ኖት ቨርባሉ፣ ማለትም ለኤምባሲው የሚጻፈው ይፋዊ ደብዳቤ ነው። እሱን የሚያጽፍላችሁ መሥሪያ ቤታችሁ ስለሆነ ደላላ ምንም አይጨምርላችሁም፤ እኔ ሳልነሳ አስጽፌ ይዤ መጣሁ። ቃለ መጠይቅም አብዛኛውን ጊዜ አይጠየቅም። ዋሽንግተን ያላችሁ ደግሞ ጊዜ ካላችሁ እዚያው በአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት አሳድሳችሁ ኑ፣ እረፍታችሁን አትንኩት።

ጂ-5 ሌላ ነገር ነው። ልጅቷ ራሷ ለቃለ መጠይቅ መቅረብ አለባት፣ የሥራ ውሉም በእንግሊዝኛና እሷ በሚገባት ቋንቋ መሆን አለበት። ውሉን ያስተረጎምኩበት ቤት በጣም ጥሩ ነበር። ተርጓሚዋ ጽፋ ብቻ አልሰጠችንም፣ አንቀጽ በአንቀጽ አነበበችላት፤ ደመወዝ፣ የሥራ ሰዓት፣ የእረፍት ቀን፣ ከዚያ አሠሪ የሠራተኛዋን ፓስፖርት መያዝ አይችልም የሚለው ጋ ደረሰች። ልጅቷ ቤሩት ሠርታ ነው የመጣችው፣ እዚያ ሁለት ዓመት ሙሉ ፓስፖርቷን በዓይኗ አላየችውም። ወደ እኔ ዞራ «እትዬ፣ እውነት ነው?» አለችኝ። እውነት ነው፣ ፈርሜበታለሁ አልኳት።

ኤምባሲ የገባችው ብቻዋን ነው፣ እኔ ውጭ ጠበቅኳት። በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ ሕግ ቆንስሉ አሠሪው በሌለበት እንዲያናግራትና መብቷን የሚገልጽ ጽሑፍ እንዲሰጣት ያዛል። ስትወጣ ያንን ጽሑፍ በእጇ ይዛዋለች፣ የእርዳታ ስልኩ ያለበትን ገጽ አጥፋዋለች። ታክሲ ውስጥ ቁጥሩን በስልኳ መዘገበችው።