ክረምቱን ሙሉ ሦስቱንም ልጆቼን ለያዙልኝ መምህርት ምስጋና (ጀሞ አካባቢ አስጠኚ ለምትፈልጉ)

ጀሞና ዙሪያዋ ያላችሁ ወላጆች ይሄን አንብቡልኝ፣ ረዘም ይላል ግን በየግሩፑ "ጎበዝ አስጠኚ ጠቁሙኝ" እያላችሁ ስትጠይቁ ስለማይ ነው። በመጀመሪያ ምስጋናዬን ላስቀድም። እትዬ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ዕድሜና ጤና አብዝቶ ይስጥልኝ። ፌስቡክ እንደማይጠቀሙ አውቃለሁ፣ ልጅዎ ታነብልዎታለች።

ስማቸውን እዚህ እንዳልጽፍ አስምለውኛል፣ ስለዚህ እትዬ እያልኩ ነው የምቀጥለው። ጡረታ የወጡ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናቸው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ መንግስት ትምህርት ቤት ነው ያስተማሩት። ልጆቼ የአያታቸው እኩያ መሆናቸውን እያዩም "ሚስ" ነው የሚሏቸው፣ እሳቸውም ደስ ይላቸዋል መሰለኝ አርመዋቸው አያውቁም።

የኔ ቤት ሁኔታ እንዲህ ነው። ትልቋ ዘንድሮ ስምንተኛ ትገባለች፣ ሚኒስትሪ አለባት። መሀለኛው አምስተኛ ነው፣ ኳስ ኳስ ኳስ። ትንሿ ኬጂ ጨርሳ አንደኛ ልትገባ ነው፣ ፊደል ትለያለች ግን ቃል ላይ ስትደርስ ትገምታለች። እኔም ባሌም ስራ ነን። ክረምት ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ውጪው ዝናብና ጭቃ፣ ቤት ውስጥ ስልክ፣ ሰራተኛዋን አሳብደው ማታ ስገባ "ደበረን" ነው የሚሉኝ። አምና አንድ ቦታ የክረምት ኮርስ ተመዝግበው ነበር፣ የሚቀጥለውን ዓመት መጽሐፍ ከሐምሌ ጀምረው ነው የሚሸመድዱት፣ መሀለኛው መስከረም ላይ "ይሄን ተምሬዋለሁ" ብሎ ክፍል ውስጥ መተኛት ጀመረ፣ ተምሮት ነበር ወይ ብትሉኝ ደግሞ አይደለም።

እትዬን ጎረቤቴ ናት ያገናኘችኝ። እኔ የጠበቅኩት ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ሰዓት፣ ሒሳብ እንግሊዝኛ ምናምን ነው። እሳቸው ግን መጀመሪያ ቀን ሲመጡ መጽሐፍ እንኳን አልከፈቱም። ልጆቹን ሲያዩ ሲያዋሩ ቆይተው "ለሦስቱም አንድ ስራ ነው የምሰጣቸው፣ ድርሻቸው ነው የሚለያየው" አሉኝ። እውነቱን ለመናገር አልገባኝም ነበር፣ ትልቋም ከትንሿ ጋር አብሮ መማር የሚባለውን ስትሰማ ፊቷን አጨፈገገች።

ስራው ምን መሰላችሁ? ዝናብ መለካት!

ጎኑ ቀጥ ያለ ትልቅ ሀይላንድ ፈልገው አንገቱን አስቆረጡና የተቆረጠውን ገልብጠው እንደ ማጥለያ አፉ ላይ አስቀመጡት። ቂጡ ወጣ ገባ ስለሆነ አሸዋ ጨምረው፣ ውሃ ሞልተው፣ ቀጥ ካለው ቦታ ላይ ዜሮ ብለው ማስመሪያ በፕላስተር ለጠፉበት። በረንዳ ላይ አይሆንም አሉ፣ የጣሪያ ጠብታ ይገባበታል፣ ስለዚህ ግቢ ውስጥ ሜዳው ላይ ወስደው ንፋስ እንዳይጥለው ዙሪያውን ድንጋይ ደረደሩለት። ወጪው ዜሮ ነው በሉት። ከዛ በየጠዋቱ በተመሳሳይ ሰዓት መሀለኛው ያነባል፣ ትንሿ ቀኑንና ቁጥሩን ደብተር ላይ ትጽፋለች፣ ከዛ ይደፉትና ወደ ዜሮ ይመልሱታል፣ ትልቋ ደግሞ ሳምንቱ ሲያልቅ ደምራ፣ አማካይ አውጥታ፣ ግራፍ ትሰራለች።

በካልቾ ቢሉት ከአልጋው የማይነሳው ልጄ ጃኬት ደርቦ ማንም ሳይቀሰቅሰው ግቢ ሲወርድ ያየሁ ቀን ዓይኔን ማመን አቃተኝ። አንድ ቅዳሜ እኔም አብሬ ወረድኩ። እሱ ቆሞ ከላይ አይቶ "15" ይላል፣ ትንሿ ቁጭ ብላ "14 ነው" ትላለች፣ ሊጣሉ ደረሱ። እትዬ ማን ልክ እንደሆነ አልተናገሩም፣ "ዓይንህን ከውሃው እኩል አድርግና እንደገና እይ" ብቻ አሉት። ጭቃው ላይ ተንበርክኮ አየና ዝም አለ። ትንሿ 14 ብላ ጻፈች፣ ያን ቀን ሙሉ ቤት ውስጥ ማን ይቻላት!

ሌላ ቀን ደግሞ የሰፈር ልጆች በኳስ መትተው ገለበጡት። ልጄ "ዜሮ በይ" አላት ትንሿን። እትዬ "ዜሮ ማለት አልዘነበም ማለት ነው፣ ሌሊቱን ሲዘንብ አልሰማህም?" አሉትና ሰረዝ አስደረጉበት። ሳምንቱ ሲያልቅ ትልቋ አማካይ ልታወጣ ስትል ለ7 ነው የማካፍለው ለ6 ብላ ተከራከረች፣ ባሌም ገባበት፣ እራት እስኪቀዘቅዝ ድረስ። የስታቲስቲክስ ኮርስ ዩኒቨርሲቲ ወስጃለሁ ግን ያልተለካ ቀን ከዜሮ እንደሚለይ እንዲህ አድርጎ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ትልቋን ግን የማረካት የጣሪያው ሒሳብ ነው። አንድ ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ከወረደ 1 ሊትር ውሃ ነው። እሱን ነግረዋት የብሎካችንን ጣሪያ ስፋት ገምቺ አሏት። ዝናብ ሲያባራ ወንድሟን ይዛ ብሎኩን በእርምጃ ዞረችው፣ 300 ካሬ ገደማ ነው ብላ ያዘች። አንድ ሌሊት 20 ሚሊ ዘንቦ ነበር፣ ስታሰላው 6000 ሊትር፣ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን 300። በአንድ ሌሊት፣ ከአንድ ጣሪያ ላይ! የኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ መሆኑን የምታውቁ ታውቃላችሁ፣ ማታ እንደገባሁ "እማዬ ታዲያ እኛ ለምንድነው ጄሪካን ይዘን የምንሰለፈው?" አለችኝ፣ መልስ አልነበረኝም፣ አሁንም የለኝም፣ የብሎኩ ኮሚቴ ካላችሁ መልሱላት። ልጅቷ ስምንተኛ ስለምትገባ ስፋት፣ መጠን፣ ዩኒት መቀየር የሚባለውን ሁሉ ሳታውቀው ከለሰችው፣ ከልሺ ብያት ቢሆን ኖሮ በሩን ነበር የምትዘጋብኝ።

ንባቡ ደግሞ ሌላ ነው። መሀለኛው ልጄ አማርኛ ሲያነብ ይንተባተባል፣ በክፍሉ ልክ የሆነ መጽሐፍ ስትሰጡት ላብ ላብ ይለዋል፣ ከዛ ያነሰ ስትሰጡት ደግሞ "የህጻን ነው" ብሎ ይወረውረዋል። እትዬ ምን አደረጉ፣ "ለእህትህ ተረት የምታነብላት አንተ ነህ፣ እኔ ዓይኔ ደክሟል" አሉት። መነጽራቸውን አድርገው መርፌ የሚያሾልኩ ሴትዮ ናቸው እኮ። ተረት ተረት ሲላት የላም በረት እያለችው፣ የአንደኛ ክፍል መጽሐፍ ሳያፍር ጮክ ብሎ ያነባል፣ ለሷ ነዋ የሚያነበው። እሷ ደግሞ በጣቷ እየተከተለች ቃሉን መያዝ ጀመረች። ነሐሴ አጋማሽ ላይ ተሳስቶ ሲዘል "እዚህ ጋር አንድ ቃል ዘለልክ" ብላ አስቆመችው። ሁለቱንም በአንድ መጽሐፍ አዳረሱልኝ።

ጌምም አለ። የእንቁላል ካርቶን ላይ ሽምብራ አድርገው ገበጣ አስተማሯቸው፣ ትልቋ ቀድማ እየቆጠረች የት እንደሚያልቅ ታሰላለች፣ ታናሿን ማሸነፍ ግን አልሆነላትም አንዳንዴ። ታብሌቱ ቻርጅ ጨርሶ ሶፋ ስር ከርሟል ብላችሁ ታምኑኛላችሁ?

ቡሄ ላይ ደግሞ መሀለኛውና የሰፈር ልጆች ሆያ ሆዬ ጨፍረው ሙልሙልና ብር ይዘው መጡ፣ ያው እንደየዓመቱ ክፍፍሉ ላይ ጸብ ሊነሳ ሲል እትዬ መሀል ገብተው "እናንተው አካፍሉ፣ የተረፈውን ምን እንደምታደርጉት ቀድማችሁ ተስማሙ" አሏቸው። በቀሪ ማካፈል ብሎ መጽሐፉ ላይ ያለውን እኔ ስንት ጊዜ አስረድቼው አልገባውም ያለኝ ልጅ ኪሱ ውስጥ ሲገባ ገባው። ትርፏ ብር ዳር ቆማ ታጨበጭብ ለነበረች ትንሽ ልጅ ተሰጠች፣ የኛዋ ናት።

አንድ ቀን ብሔራዊ ሙዚየም ወስደዋቸዋል፣ ለየልጁ አንድ አንድ ጥያቄ ብቻ ሰጥተው። ትንሿ ድንቅነሽን እንድትስል፣ መሀለኛው ቁመቷን እንዲያውቅ፣ ትልቋ ደግሞ በሁለት እግሯ መሄዷን ከአጥንቷ እንዴት እንዳወቁ ጠይቃ እንድትመጣ። ድንቅነሽ 1 ሜትር ከ10 ሴንቲ ገደማ ስለሆነች ትንሿ "እበልጣታለሁ" ብላ ለአያቷ ስልክ ደውላ ነገረች። ትልቋ ጉልበቷና ዳሌዋ ነው አለችን፣ ረዥም ማብራሪያ ነበረው፣ ግማሹን ሰምቻለሁ። አራት ኪሎ አብርሆትም ደርሰው መጥተዋል፣ የልጆች ክፍል ስላለው እናንተም ይዛችሁ ሂዱ።

አሁን እንዳታማርሩኝ የማይስማማችሁንም ልንገራችሁ። የሚቀጥለውን ክፍል ፖርሽን ቀድመው ይሸፍኑልኝ የምትሉ ከሆነ እትዬ አይሆኑላችሁም፣ ፊት ለፊት ነው እምቢ የሚሉት። ወርክሺት አይሰጡም። እንግሊዝኛ ያስተምራሉ ግን ዋናቸው አይደለም፣ ለትልቋ እንግሊዝኛ ሌላ አስጠኚ ነው የያዝኩላት። ልጆቹ ስልክ ይዘው ከጠበቋቸው ቦርሳቸውን አንስተው ይሄዳሉ፣ የምሬን ነው፣ እኛ ቤት አንዴ አድርገውታል። ቤቱም መቆሸሹን ቻሉት፣ አሸዋው፣ ጭቃው፣ ሽምብራው ሶፋ ውስጥ። ፍልሰታ ሲገባ ደግሞ ቅዳሴ ስለሚሄዱ ሰዓቱ ይቀየራል፣ ልጆቼም ስለሚጾሙ ለኛ ተመቸን፣ ለእናንተ ላይመች ይችላል።

ክፍያው በልጅ ሳይሆን በቤት ነው፣ ሦስትም ይሁኑ አንድ ያው ነው፣ እንደኔ ብዙ ላላችሁ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። "ዋጋ በኢንቦክስ" የሚል ሰው እንደሚያናድድ አውቃለሁ፣ ግን ብሩን እዚህ እንዳልጽፍም አስምለውኛል። ካነጋገርኳቸው ከሌሎቹ አስጠኚዎች አይበልጥም፣ እኔ እንዲያውም መጨረሻ ላይ ጨምሬ ሰጥቻቸው ጭማሪውን በትንሿ እጅ መልሰውልኛል፣ ለደብተር መግዣ ብለው።

ትምህርት ሲከፈት ቅዳሜ ጠዋት ብቻ ነው የሚሰሩት፣ የኛን ሰፈር ሁለት ቤት ይዘዋል፣ ለሌላ አንድ ቤት ቦታ አላቸው። ለሚመጣው ክረምት የምትፈልጉ ከአሁኑ ተናገሩ፣ ሰኔ ላይ ብትፈልጓቸው አታገኟቸውም። ኢንቦክስ አድርጉልኝ፣ መጀመሪያ እሳቸውን አስፈቅጄ ነው ስልካቸውን የምልክላችሁ። ስትደውሉም በጠዋት ይሁን፣ ማታ 2 ሰዓት ዜና ላይ ከደወላችሁ አያነሱም፣ ካነሱም ይቆጧችኋል።