ተክሉን ያውቃሉ፣ ውሃውን ይስታሉ፦ የሐዋሳ ግቢ አስዋቢዎች ሥራ ሲመዘን

ሐዋሳ ውስጥ ቤቱን ሠርቶ የጨረሰ ሰው ግቢውን አረንጓዴ ማልበስ ሲያስብ መጀመሪያ የሚሄደው መንገድ ዳር ችግኝ ደርድረው ወደሚሸጡት ነው። ብዙዎቹ ችግኝ ብቻ አይሸጡም። ቦታውን አይተው፣ በካሬ ተዋውለው፣ ሣሩንም ዛፉንም የድንጋይ ንጣፉንም ሠርተው ያስረክባሉ። እዚህ የሚመዘነው አንድ ድርጅት ሳይሆን ይህ የተለመደ አገልግሎት ነው። በተክል ከአሥር ስምንት ይገባቸዋል፤ በውሃ ግን ከሦስት አያልፉም። ሐዋሳ ላይ ደግሞ ትልቁ ጉዳይ ውሃው ነው።

ከጠንካራ ጎናቸው እንጀምር። ችግኞቹ በአብዛኛው እዚሁ አየር ላይ ያደጉ ስለሆኑ ሲተከሉ አይደነግጡም። ሻጮቹም የትኛው ጥላ፣ የትኛው ፀሐይ እንደሚወድ ጠንቅቀው ያውቃሉ። ገዢው መጠንቀቅ ያለበት ከቁመት ነው። ሁለት ሜትር የደረሰ ችግኝ ዓይን ይማርካል፤ ነገር ግን በጠባብ ከረጢት ውስጥ ብዙ ከቆየ ሥሩ እንደ ገመድ ተጠምጥሟል። ተተክሎም መጠምጠሙን አይተውም፤ ከዓመታት በኋላ የራሱን ግንድ ያንቃል ወይም በኃይለኛ ነፋስ ይገነደሳል። ስለዚህ ከረጢቱን አንሥተው ታቹን ይዩ። እንደ ጣት የወፈረ ሥር ፕላስቲኩን በስቶ ከወጣ ይተዉት። ግማሽ ሜትር ገደማ የሆነ፣ ግንዱ ከሥሩ ጠንከር ያለ ችግኝ ብዙ ጊዜ ረጅሙን ደርሶ ይቀድመዋል።

ለጥላ ዋንዛና ብርብራ፣ ለዕድሜ ዝግባና ወይራ፣ ለአበባ ጃካራንዳ ጥሩ ምርጫዎች ናቸው። የብርብራ ፍሬ ዱቄት ዓሣ የሚያደነዝዝ መርዝ ስለሆነ የዓሣ ገንዳ ያለው ሰው ዛፉን ከገንዳው ያርቀው። ፊከስን ግን በሁለት መቶ ካሬ ግቢ ውስጥ አጥር ጥግ መትከል ትልቅ ስህተት ነው። ሥሩ እርጥበት ፍለጋ ሴፕቲክ ታንኩንም የውሃ መስመሩንም ያገኛል። ከግድግዳና ከቧንቧ ቢያንስ አሥር ሜትር ይፈልጋል፤ ያ ቦታ ከሌለ አይተከል። ለጃካራንዳና ለግራቪሊያ አራት ወይም አምስት ሜትር ይበቃል። ዛፍ ሲያድግ ምን ያህል እንደሚሆን የሚጠራጠር ሰው ሐይቁ ዳር ወዳለው አሞራ ገደል ወርዶ ጉሬዛና አባ ኮዳ የሰፈሩባቸውን ዛፎች ቀና ብሎ ይይ።

ለበረንዳ የሚሸጡልዎት ድራሴና የቅጠሉ ጫፍ ቢደርቅ በሽታ ነው ብለው መድኃኒት አይግዙ። በስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ውስጥ ፍሎራይድ ይበዛል፤ ድራሴና ደግሞ ፍሎራይድ አይችልም። የዝናብ ውሃ አጠራቅመው ያጠጡት፤ አዲሱ ቅጠል ደህና ሆኖ ይወጣል።

አተካከሉ ላይ ሥራው መላላት ይጀምራል። ግንባታ ካለቀ በኋላ ግቢው ላይ ያለው መሬት አፈር አይደለም። የሞርታር ፍርፋሪ፣ የብሎኬት ስብርባሪና በሮለር የተጠቀጠቀ ሰሌክት (ለመሙያ የሚደፋ ድንጋያማ አፈር) ነው። ሠራተኞቹ አሥር ሳንቲ ሜትር ጥቁር አፈር ከላይ አልብሰው ሣር ያነጥፋሉ። ለሦስት ወር ያምራል፤ በጋ ሲገባ ሥሩ የሚወርድበት ስለሌለው ቢጫ ይሆናል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ዕርጥብ መሬት ላይ ባለ አሥር ፌሮ (አሥር ሚሊ ሜትር የሚወፍር የብረት ዘንግ) በእጅ ይጫኑ። አርባ ሳንቲ ሜትር ካልገባ መሬቱ ተቆፍሮ ይፈታ እንጂ ከላይ አፈር አይደፋበት።

ለዛፍ 60 በ60፣ ጥልቀቱም 60 ሳንቲ ሜትር ጉድጓድ ያስቆፍሩ። ሦስት አካፋ አፈር ለአንድ አካፋ የበሰለ ብስባሽ ይደባለቅ፤ ትኩስ ፍግ ሥር ያቃጥላል። ከረጢቱ ሙሉ በሙሉ መውጣት አለበት። ታቹን ብቻ ቀዶ መትከል የችኮላ ሥራ ነው። ግንዱ ከሥሩ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ከመሬት ጋር እኩል ይሁን፣ አይቀበር። አፈሩን የሚሸፍነው የደረቀ ሣርና ቅጠል ጉዝጓዝ አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ኖሮት ግንዱን ሳይነካ ይነጠፍ። በመጀመሪያው በጋ ለአንድ ችግኝ በሳምንት ሁለት ጊዜ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በቀስታ ማፍሰስ፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ከመርጨት በእጅጉ ይሻላል። የትንሽ ውሃ ተክል ሥሩን ላይ ላዩን ይዘረጋል።

አሁን ወደ ዋናው ጉድለት። በተለመደው አሠራር የአበባ መደቡ በከርቭ ስቶን (በጠርዝ ድንጋይ) ይከበብና ከንጣፉ አሥራ አምስት ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል። ንጣፉ ደግሞ ወደ ውጭ በር ያዘነብላል፤ የድንጋዩ መጋጠሚያም በሲሚንቶ ይደፈናል። ዝናብ ሲመጣ ቆመው ቢያዩት ነገሩ ግልጽ ነው። ከጣሪያ በአሸንዳ የወረደው ውሃ ንጣፉ ላይ ይንሸራተታል፣ መደቡን በጎን እያለፈ በበሩ ሥር ሾልኮ ይወጣል፣ ከጎረቤት ግቢ ከወጣው ጋር ተቀላቅሎ አፈርና ፕላስቲክ እየገፋ ቦዩን ይሞላል። በማግስቱ ያው መደብ በቧንቧ ውሃ ይጠጣል።

ሒሳቡን ይመልከቱ። 120 ካሬ ጣሪያ ላይ 25 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ 3,000 ሊትር ነው፤ ሦስት ባለ አንድ ሺህ ሊትር ሮቶ ማለት ነው። በሌላ በኩል መቶ ካሬ ሣር በሞቃት በጋ በቀን 500 ሊትር ገደማ ይፈልጋል። ይህን ሁሉ ውሃ ወደ ውጭ ገፍቶ ሣር ብቻ ማልበስ አረንጓዴ ቀለም መቀባት ነው።

ለሐዋሳ ነገሩ የበለጠ የሚከብደው ሐይቁ ከላይ መግቢያ እንጂ መውጫ ስለሌለው ነው። ጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል፤ ከሐይቁ ወጥቶ የሚሄድ ወንዝ ግን የለም። ከግቢያችን የተጠረገው ደለል፣ የመኪና ዘይትና ቆሻሻ ወደ ሐይቁ ከደረሰ አጥቦ የሚወስድለት የለም። ቆሮሶውና አምባዛው የሚኖሩት እዚያው ውስጥ ነው።

መፍትሔው ተጨማሪ ገንዘብ ብዙም አይጠይቅም፤ ደረጃውን መገልበጥ ነው። መደቡ ከንጣፉ አሥር ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይበል። ከርቭ ስቶኑ በየሜትር ተኩሉ ሃያ ሳንቲ ሜትር ክፍተት ይኑረው። ንጣፉ በየሜትሩ ሁለት ሳንቲ ሜትር ወደ መደቡ ያዘንብል፤ ቤቱ አጠገብ ያለው ግን ምንጊዜም ከቤቱ ይሽሽ። ኮብልስቶኑ በአሸዋ ላይ ተቀምጦ መጋጠሚያውም በአሸዋ ይሞላ። ቦታው የመኪና ማቆሚያ ከሆነ ከሥሩ በደንብ የተጠቀጠቀ ጠጠር ያስፈልገዋል፤ ያለዚያ ጎማው የሚሄድበት መስመር ይሰምጣል።

የአሸንዳው ውሃ ከበዛ የማስረጊያ ቦይ ይቆፈር፦ ርዝመቱ አራት ሜትር፣ ወርዱ 80 ሳንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ አንድ ሜትር፣ በታጠበ ጠጠር የተሞላ፣ ከመሠረት ቢያንስ ሦስት ሜትር የራቀ። በጠጠሩ መካከል ያለው ባዶ ቦታ ከመላው ሲሶ ያህል ስለሆነ በአንድ ጊዜ አንድ ሺህ ሊትር ገደማ ይይዛል። የቀረው ወደ መደቡ ይፍሰስ። ከመቆፈሩ በፊት ግን መሬቱ ይፈተን። ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ጉድጓድ በውሃ ሞልተው ያስርጉ፣ ደግመው ይሙሉና በሰዓት ስንት እንደወረደ ይለኩ። ሁለት ተኩል ሳንቲ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ይሠራል። ሐይቁ አጠገብ ባሉ ሰፈሮች አንድ ሜትር ተቆፍሮ ውሃ ከተገኘ ቦዩን ይተዉት፤ ዝቅ ያለ ሰፊ መደብ ብቻ ይበቃል። ደለል ጠጠሩን እንዳይደፍን መግቢያው ላይ በየወሩ የሚጠረግ ትንሽ ገንዳ ያስፈልጋል። ይህን ገንዳ ብዙዎቹ ይረሱታል፤ ቦዩ በሁለት ክረምት የሚደፈነውም በዚህ ነው።

ዛፍን በንጣፍ መሃል ሲተክሉም ግንዱን በጠባብ የሲሚንቶ ቀለበት የማነቅ ልማድ አለ። አንድ ሜትር ተኩል በአንድ ሜትር ተኩል ክፍት አፈር ይተዉለት። ሥሩ አየር ካጣ ዛፉ ንጣፉን አንሥቶ ይሰብራል፤ ጥፋቱ ግን የዛፉ አይደለም።

ውሉ ላይ ሦስት ነገር በጽሑፍ ይግባ፦ የአፈሩ ጥልቀት፣ የንጣፉ ማዘንበያ አቅጣጫና የደረቀ ችግኝ እስከ ስንት ወር በነፃ እንደሚተካ። የመጨረሻውን ክፍያ ከመስጠትዎ በፊት ግቢው ከፍ ያለበት ቦታ ላይ አንድ በርሜል ውሃ ያስደፉና ይከተሉት። መደቡ ውስጥ ገብቶ ከቀረ ይክፈሉ። ወደ በሩ ከሄደ መዶሻና ውሃ ልኩ ሳይሰበሰብ እንዲያስተካክሉት ይጠይቁ።