ጠጠር ለመታው ኮፈን፦ እስክሪብቶ፣ ጠርሙስ ወይስ ስፕሬይ?

ከፊት የሚሄድ ገልባጭ ጠጠር ሲያስፈነጥር ኮፈን ላይ የምስር ፍሬ የምታክል ነጭ ነጥብ ትቀራለች። ጋራዥ ስትወስዷት «ኮፈኑ ሙሉ ካልተቀባ አይሆንም» ይሏችኋል። ለአንዲት ነጥብ! ቤት ውስጥ ራሳችሁ በቀለም እስክሪብቶ፣ በትንሽ የቀለም ጠርሙስ ወይም በስፕሬይ ለመሸፈን ከወሰናችሁ ደግሞ ከዋጋ በፊት የመኪናችሁን ቀለም እዩ፤ ምርጫውን የሚወስነው እሱ ነው።

ቶዮታ ከሆነች የቀለም ኮዷ በሾፌሩ በር በኩል ወይም ኮፈኑ ሲከፈት በምትታየው ሰሌዳ ላይ ተጽፏል። 040 ካለ ደንበኛው ነጭ ነው፤ ተገላገላችሁ፣ ከሦስቱ በየትኛውም ብትቀቡት ይመሳሰላል። 1ኤፍ7 ካለ ሲልቨር ነው፤ እዚህ ጋ ነው ጣጣው። ቀለሙ ውስጥ ያለው የብረት ብናኝ በብሩሽ ሲነካ እንደ ፋብሪካው አይተኛም፤ ስለዚህ ኮዱ ልክ ሆኖ እንኳ ከጎን ሲያዩት ጠቆር ይላል። 070 ዕንቁ ነጭ ነው፤ ከነጩ በላይ ሌላ የሚያብረቀርቅ ንብርብር ስላለው በአንድ ጠርሙስ አይወጣም።

እስክሪብቶው ለቀጭን ጭረት ይሆናል፤ ጉድጓድ ግን አይሞላም። ኮድ የሌለውን፣ «ሲልቨር» ብቻ ተብሎ የሚሸጠውን አትግዙ።

የኔ ምርጫ ጠርሙሱ ነው፣ ያ የጥፍር ቀለም የሚመስለው። ከተቻለ ቀለም ቤት በኮዱ አስቀምሙ፤ ፀሐይ የበላው መኪና ከኮዱ ስለሚለይ መኪናዋን ራሷን ይዛችሁ ሂዱ። ማጠንከሪያ የተጨመረበትን አትቀበሉ፤ በሰዓታት ውስጥ ጠርሙሱ ውስጥ ድንጋይ ይሆናል። ክዳኑ ላይ ያለውን ብሩሽም እርሱት፣ ይወፍራል። ስቴኪኒ ይበልጠዋል። ቦታውን ከኮሮና ጊዜ በተረፈው አልኮል ጥረጉና የስቴኪኒውን ጫፍ ነክራችሁ የጉድጓዱን መሀል ብቻ ንኩ፤ ጠብታዋ ራሷ እስከ ዳር ትሄዳለች። ስትደርቅ ትሰምጣለች፣ ስለዚህ አንድ ሰዓት ቆይታችሁ ሁለተኛ፣ ከዚያም ሦስተኛ። በአንዴ ልሙላው ያለ ሰው ኪንታሮት ነው የሚያበቅለው። የፋብሪካው ቀለም ሁሉም ንብርብር ተደምሮ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን፣ ከአንድ የፎቶ ኮፒ ወረቀት ብዙም የማይወፍር ነው። መጨረሻ ላይ ክሊር፣ ያን ከቀለሙ በላይ የሚቀባውን መስታወት መሳይ ሽፋን፣ ጠብ አድርጉበት።

ስፕሬይ ያጓጓል። እኔም ሲልቨሯ ቪትዝ ፓራፋንጎ ላይ ለነበረች አንዲት ነጥብ ነፋሁበት፤ ነጥቧ ጠፋች፣ በምትኳ መዳፍ የምታክል ደመና ተተካች፤ እስካሁን ሰው ሁሉ «ምን ገጫት?» ይለኛል። ስፕሬይ መዳፍና ከዚያ በላይ ለተላጠ ቦታ፣ ለምሳሌ ለፓራውልት ጥግ ነው። ማጠንከሪያ ያለበትን ዓይነት ደግሞ ቤት ውስጥ አትንፉ፤ ጭሱ ሳንባ ይጎዳል፣ የወረቀት ማስክም አይመልሰውም።

ከአሜሪካ ለሚመጣ ዘመድ «አምጣልኝ» የምትሉም አላችሁ። ተቀጣጣይ ቀለም በእጅም በሻንጣም አውሮፕላን ላይ ክልክል ነው፤ አታስቸግሩት።

ገንዘቡም ጊዜውም ካጠረ ፓራውልቱ ይቆይ፤ ፕላስቲክ ነው፣ አይዝግም። ኮፈኑ ላይ ብረቱ የታየው ግን ክረምቱ ሳይገባ ይሸፈን።